ከዱዓው ሥር የነበረው ቁጥር

ሐርጌሳ ያኔ ቤቶቿ ጣሪያ አግኝተው መስኮት ያጡባት ከተማ ነበረች። ቆርቆሮ በየሱቁ ይሸጣል፣ ሲሚንቶ እንደ ልብ ነው፣ የብረት በር በየብየዳ ቤቱ ይሠራል። መስታወት ግን ከበርበራ ወደብ ነው የሚመጣው፤ የበርበራ መንገድ ደግሞ በዚያን ጊዜ የሰው ጥርስ የሚያራግፍ መንገድ ነበር። ስለዚህ ሰዉ ግድግዳውን አቁሞ፣ ኖራ ቀብቶ፣ መስኮቱን በላስቲክ ወይም በማዳበሪያ ጆንያ ደፍኖ ይኖራል። ነፋስ በተነሳ ቁጥር የሰፈሩ ላስቲክ ሁሉ ሲርገበገብ ይሰማል። እኔን ከድሬዳዋ ሰው ልካ ያስጠራችኝ ሴት የመስታወት ሱቅ የከፈተችው ይህንን ድምፅ ስትሰማ ከርማ ነው።

ሱቋ ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ኤዶ» ይላታል፤ በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ነው፣ ትልቅ ሴትም በአክብሮት የምትጠራበት ነው። የተወለደችው እዚያው ሐርጌሳ ቢሆንም በልጅነቷ ድሬዳዋ አክስቷ ጋ ተልካ አድጋለች፤ የተማረችውም በአማርኛ ነው። ከእኔ ጋር ስታወራ አማርኛዋ የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ልጅ አማርኛ ነው፣ «አቦ» ሳትል ወሬ አትጀምርም። እኛ ድሬዎች ደግሞ አንቱታ ላይ ሰነፎች ነን። በዕድሜ ታላቄ፣ በሥራ አሠሪዬ ሆና ሳለ «አንቺ» እንዳልኳት ኖርኩ፤ እሷም ቅር ብሏት አያውቅም። ቅር የሚላት በግምት የሚሠራ ሥራ ነበር። «ይሄን ያህል ይሆናል» ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ «አቦ፣ ስንት?» ትለኛለች። «ወደ አንድ ክንድ ገደማ» ስላት፣ «ስንት?» ትላለች ደግማ። ሜትር አውጥቼ እስክለካ ድረስ ዓይኗን ከእኔ ላይ አታነሳም። መጀመሪያ መጀመሪያ ይሄ ነገሯ ያናድደኝ ነበር።

ሥራዬ መስታወት መቁረጥ ብቻ አልነበረም፤ ቫኗንም የምነዳው እኔ ነኝ። ከዱባይ የመጣች፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ፣ የኋላ ወንበሮቿ ወጥተው የእንጨት መደገፊያ የተሠራላት ነጭ ቫን ነበረች። የመቁረጫ አልማዝ ይዤ መስታወት መቁረጥ ከመልመዴ በፊት በድሬና በሐረር መሀል ሚኒባስ ላይ ረዳትም ሾፌርም ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የጎማ ነገር ለእኔ የተዘጋ ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ ሰው በሰው ላይ ስለሚጫን ጎማ ጠንከር ብሎ ነው የሚነፋው። በእግር ስትመታው ድንጋይ የመታህ ከመሰለህ ደህና ነው። ይህንን እውቀቴን ይዤ ነው ሶማሌላንድ የገባሁት።

ሱቃችን አጠገብ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ነበር፤ ኮምፕሬሰሩን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ የሚውል። በመጣሁ ሰሞን የኋላ ጎማዎቼ ጎድለው እሱ ጋ ሄድኩ። ሶማልኛዬ ገና የገበያ ሶማልኛ ነው። «ኔፍ» ማለት ትንፋሽ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ የእኛው «ነፋስ» ዘመድ መስሎኝ ደስ ብሎኛል። «ሁለት ጎማ ነፋስ» ለማለት ደረቴን ነፍቼ «ላባ ኔፍ» አልኩት። ሽማግሌው በአገጩ ወደ ከብት ገበያው አቅጣጫ አሳየኝ። በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። ኤዶ ከሱቋ ወጥታ ዕንባዋን እየጠረገች ነገሩን አስረዳችኝ። «ላባ» ሁለት ነው፤ «ኔፍ» ግን ትንፋሽም ነው፣ የከብት ወይም የፍየል መቁጠሪያም ነው። ሰውዬውን ሁለት ፍየል እንዲሸጥልኝ ጠይቄዋለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎሚስታው ባየኝ ቁጥር «ፍየሎችህ እንዴት አደሩ?» ይለኝ ነበር፤ የእኔ ጎማዎችም በሰፈሩ ፍየሎች ተብለው ቀሩ።

የኤዶ እናት አሕመድ ዳጋህ የሚባል ሰፈር ውስጥ ይኖሩ ነበር። ለእሳቸው ግን ድሬነቴን ረስቼ አንቱታ ከአፌ በራሱ ይወጣ ነበር። በጦርነቱ ቤታቸው ፈርሶ፣ የስደተኛ ካምፕ ድንኳን ውስጥ ዓመታት ኖረው ነው የተመለሱት። ኤዶ ቤቱን በነበረበት መሠረት ላይ መልሳ ሠርታላቸዋለች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። የድሮው ቤት ወደ መንገዱ የሚያይ ሰፊ መስኮት ነበረው፤ ባላቸው ያስገቡት፣ አንድ ወጥ መስታወት፣ መሀሉ እንጨት የሌለው። እሳቸው እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ስፋቱን ሲያሳዩ ነጠላቸው ከትከሻቸው ይወርድ ነበር። አሁን ያ ቦታ በቆርቆሮ ተደፍኗል፤ ክፍሉ ጨለማ ነው።

ችግሩ ዓይናቸው እየሄደ መሆኑ ነበር። አንደኛው ዓይናቸው ከካምፕ ሳይመለሱ ጠፍቷል። ሌላውን ያየው ሐኪም ብዙ አላወራም፤ «እስካለ ይዩበት» ብቻ ነው ያለው። ኤዶ ይህንን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። «አቦ፣ ዓይኗ ሳይጠፋ መስኮቱን ማስገባት አለብን» አለች። እኔ ትናንሽ መስታወት በእንጨት ከፋፍለን እንግጠምላቸው ብዬ ነበር፤ እሱ በእጃችን አለ። እንቢ አለች። «ድንኳን ውስጥ በቀዳዳ ነው ያየችው። አሁን በሙሉ ትይ።»

ያ ስፋት ያለው መስታወት በርበራ አንድ ነጋዴ ጋ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ጭኜ ስመጣ፣ የደረቀውን ወንዝ በምንሻገርበት ቦታ ላይ ከኋላዬ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ሳየው ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ለሁለተኛው ፍራሽ በፍራሽ ላይ ደርቤ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ መኪናዋን እያባበልኩ ነዳሁ። እዚያው ወንዝ ላይ፣ ያው ድምፅ። ይሄኛው ተሰንጥቆም አልቀረ፣ ፍራሹ ላይ ረገፈ። የሌላ ደንበኛ መስታወትም በየጉዞው ጥቂት ሳይሰበር አይቀርም ነበር። እናትየው ማታ ማታ «መጣ?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ አለመምጣቱ ሲነገራቸው «ኸይር» ይላሉ፣ ለበጎ ነው እንደማለት። የበርበራው ነጋዴ ያ ስፋት ካለው መስታወት አንድ ብቻ እንደቀረው፣ ለኤዶ ሲል እንደሚያቆየው፣ ሌላ መርከብ መቼ እንደሚመጣ ግን እንደማያውቅ ላከባት። እኔ በበኩሌ መንገዱን ረገምኩት፣ ወንዙን ረገምኩት፣ መስታወቱን የሠራውን አገርም አልማርኩትም።

ኤዶ አልተራገመችም። ቫኗ ደጃፍ ላይ ቆማ ጎማዎቹን ትመለከታለች። ተቀምጣ መዳፏን ጎማው ላይ አሳለፈች፣ ወደ ሌላው ሄደች፣ እንደገና ተመለሰች።

«አቦ፣ ና እስቲ። መሀሉ ለምንድነው የተበላው?»

እውነቷን ነው። የጎማው ዳርና ዳር ገና አዲስ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ መሀሉ ግን ልሙጥ ሆኗል። አራቱም እንደዚያ ናቸው።

«መንገዱን የሚረግጠው መሀሉ ብቻ ነው ማለት ነው» አለች። «ሆዱ ተነፍቷል፤ የመንገዱን ምት ሁሉ ለመስታወቱ ያቀብላል። ስንት ነው የምትሞላው?»

«ጎማው ላይ የተጻፈውን» አልኩ በኩራት። ስልሳ አምስት። የመኪና ሰው መሆኔን ለማሳየት ጎንበስ ብዬ ጽሑፉን አሳየኋት። ጽሑፉን በጣቷ ተከትላ አነበበች።

«ማክስ ይላል እኮ። ይሄ ጣሪያው ነው፤ ከዚህ አትለፍ ነው የሚልህ። በዚህ ኑር አላለህም።» ቀጥላ ወደ ፊት ጎማ ሄደች። የፊቶቹ ከሌላ ፋብሪካ የወጡ፣ አሮጌ ተገዝተው የገቡ ነበሩ፤ ቁጥራቸውም ሌላ ነው። «መኪናዋ አንድ ናት። ጎማዎቹ የተለያየ ነገር ያወራሉ። እሷ ራሷ ምን ትላለች?»

እሷ ራሷ ምን ትላለች። ስለ መኪና እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሳቅኩባት፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

በማግስቱ እኔ ጉዳዩን በአቋራጭ ልጨርሰው አልኩና ከአራቱም ጎማ ነፋስ ለቀቅኩ፤ እጄ እስኪበቃው ድረስ። ቫኗ ዝቅ አለች፣ ለመንዳት ፍራሽ ሆነች። ከከተማ ወጣ ብዬ ሄጄ ስመለስ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። የኋላውን ጎማ ስነካው መዳፌን ላጠኝ። ጎሚስታው አየት አድርጎ «ፍየሎችህ ትኩሳት ይዟቸዋል» አለ፤ ሲለሰልስ ጎኑ እየተጣጠፈ እንደሚግልና ሜዳ ላይ እንደሚፈነዳ በእጁ አሳየኝ። ስለዚህ ጎማው ሲጠነክር መስታወት ይሰብራል፣ ሲለሰልስ ሰው ይገድላል። በመሀላቸው ያለውን ልክ የሚያውቅ ሰው አጣን። ጎሚስታው ራሱ ሾፌሩ ያለውን ነው የሚሞላው።

ከዚያ በፊት አንድ ሰሞን የነዳሁት የአንድ ድርጅት መኪና በሾፌሩ በር ማቀፊያ ብረት ላይ ትንሽ ወረቀት እንደነበረው ትዝ አለኝ፤ ጎማና ቁጥር ያለበት። ነገርኳት። ሁለታችንም ወደ ቫኗ በር ሄድን። ልክ በዚያ ቦታ ላይ፣ አረንጓዴ ሆኖ በወርቅማ ፊደል የተጻፈ የጉዞ ዱዓ፣ የመንገድ ጸሎት፣ ተለጥፏል። መኪናዋ የተገዛች ቀን ራሷ ኤዶ ናት በእናቷ ምርቃት የለጠፈችው፤ ሾፌሩ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ።

«ሌላ ተመሳሳይ መኪና እናያለን» አለች።

ማሕሙድ ሃይቤ የሚባለው ሰፈር የእኛን የመሰሉ ቫኖች የሚሰለፉበት ቦታ ነበር። ኤዶ ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን ከመኪና መኪና ዞርን። የመጀመሪያው በር ላይ፣ አረንጓዴው ዱዓ። ሁለተኛው ላይ፣ አረንጓዴው ዱዓ። አንዱ ላይ ሰማያዊ ነበር። ከተማው በሙሉ ዱዓውን የለጠፈው እዚያችው አንድ መዳፍ በማታህል ቦታ ላይ ነው። ያልለጠፈ አንድ ሰው አገኘን፤ የእሱ ወረቀት በፀሐይ ነጥቶ ባዶ ሆኗል። ሾፌሮቹ አንዲት ሴት በራቸውን እየከፈተች ስታጮልቅ ግራ ገባቸው። አንዱ ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት። «የጉዞ ዱዓ መለጠፉን ነው የማየው» አለችው። «ማሻአላህ» ብሎ አመሰገናት። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጎማ የማይ መሰልኩ።

ስንመለስ ምላጭ አውጥቼ የእኛን ልፍቀው ስል ጎሚስታው «አስተግፊሩላህ» ብሎ እጄን ያዘ። እውነቱን ለመናገር እኔም እጄ ደፍሮ አልነበረም። የአላህን ቃል በምላጭ ፍቆ መሬት ላይ ማራገፍ እንዴት ይሆናል? ቁጥሩ እዚያው ነው፣ ከዱዓው ሥር፤ እናትየው ቤት ውስጥ «መጣ?» ብለው ሊጠይቁ ነው።

ያን ጊዜ ኤዶ ያደረገችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዉዱእ አደረገች፤ ለሰላት እንደሚደረገው እጇንና ፊቷን ታጠበች። ንጹሕ ጨርቅ አመጣች፣ የፈላ ውሃ አስመጣች። ጨርቁን እየነከረች፣ እየጨመቀች፣ ዱዓው ላይ እየደገፈች ትይዛለች፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ትነክራለች። ጣቶቿ ቀልተዋል። ሙጫው ሲላላላት በጥፍሯ ጥጉን አነሳች፤ ቆመች፤ ጨርቁን መለሰች። ከሰዓት በኋላ ከአሱር ሰላት ጀምራ የፀሐይ መጥለቂያው መግሪብ እየቀረበ ነበር። እኔ መስታወት ቆራጭ ነኝ፣ ትዕግሥት አለኝ ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ፤ ያን ቀን ትዕግሥት ምን እንደሆነ አየሁ። ዱዓው አንድ ፊደል ሳይጎድለው በሙሉ ተነሳ። በመዳፏ ላይ ይዛው «መስታወት ቁረጥልኝ» አለች። በልኩ ቆረጥኩላት፣ ጠርዙን አለዘብኩት፤ እሷ ለጠፈችውና ከመሪው ፊት ለፊት አቆመችው። ከበፊቱ የበለጠ ያምር ነበር።

ከሥሩ ያለው ወረቀት አዲስ ነበር፤ ዱዓው ከፀሐይ ጠብቆታል። ጽሑፉ የጃፓን ነው፣ ግን የመኪና ሥዕል አለው፣ ፊትና ኋላው በቀስት ተለይቷል። ፊት ሁለት ነጥብ አራት፣ ኋላ ሦስት። ጎሚስታው መለኪያውን አመጣ። መለኪያው ሁለት ክብ ቁጥር አለው፣ የውጪው በፒኤስአይ የውስጡ በባር፤ የውጪውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ከውስጥ ያለውን ቀይ ክብ ግን ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። ሦስትን በቀዩ ላይ ፈልገን ከውጪው ጋር ስናስተያየው ከስልሳ አምስት በብዙ ያነሰ ነበር። ጎሚስታው ረጅም ጊዜ አየውና «እንግዲህ ፍየሎቹ ጠግበው ነበር» አለ።

ቁጥሩን ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ መጠበቅ ሌላ። ኤዶ የራሷን መለኪያ ገዛች፤ ንጋት ላይ ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ መኪናዋ ሳትነቃነቅ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ እንለካ ነበር። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ላይ ቁጭ ብዬ «ስንት?» የሚለውን ድምፅ ከኋላዬ ስሰማ እነጫነጭ ነበር። ከኋላ ጎማዎቹ አንዱ ሁልጊዜ ይጎድላል። እሷ ቫልቮላው ላይ ምራቅ አድርጋ አረፋ ሲያወጣ አሳየችኝና አስለወጠችው። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ካደረበት አልነቃነቅ አለ።

የመጨረሻዋን መስታወት ልናመጣ ስንሄድ አብራኝ ሄደች። በርበራ ቀትር ላይ እንደምድጃ ናት። ጭነን ልንመለስ ስንል መለኪያዬን ጎማው ላይ ሳደርግ ቁጥሩ ከጠዋቱ ከፍ ብሏል። ጣቴ ቫልቮላው ላይ ነበር።

«አቦ፣ ተው» አለችኝ። «ግሎ ነው። ከፍ ማለቱ የሙቀቱ ነው። አሁን ከቀነስክ ሐርጌሳ ብርዱ ላይ ስንገባ ጎድሎ ይገኛል። የጠዋቱን ቁጥር እመነው።»

ተውኩት። ስለዚህች ሴት ከምወድላት ነገር ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል፤ ለማወቅ ስትለፋ የከረመችውን ነገር፣ ካወቀች በኋላ በፍርሃት አትነካካውም። እኔ ብሆን በየኪሎሜትሩ ቆሜ በለካሁ ነበር።

የደረቀው ወንዝ ጋ ስንደርስ ፍጥነቴን ቀነስኩ። የእሷ ከንፈር ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ ከመሪው ፊት ላለው ዱዓ ዓይኗን አልሰጠችም፣ ታውቀዋለችና። ቫኗ ወረደች። ጎማዎቹ ጠጠሩን ሲረግጡ የመጣብኝ ድምፅ ሌላ ድምፅ ነበር፣ ድፍን፣ ለስለስ ያለ፤ መሪው እጄ ላይ አልደነሰም። ማዶ ወጣን። ወርጄ ብርድ ልብሱን ገልጬ አየሁ። ከጥግ እስከ ጥግ ዳሰስኩት። አንገቷን መልሳ እንኳ አልጠየቀችኝም፤ «አልሐምዱሊላህ» ስል ከሰማች በኋላ ግን ግንባሯን መዳፏ ላይ አስደገፈች።

መስኮቱን የገጠምኩት በማግስቱ ጠዋት ነው። ቆርቆሮውን ነቀልኩ፣ መስታወቱን አስገባሁ፣ ስቱኮውን ዙሪያውን ቀባሁ፣ የጣት አሻራዬን በጨርቅ ጠረግኩ። ብርሃን ገብቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ኤዶ እናቷን ደግፋ አምጥታ ፊት ለፊቱ አስቀመጠቻቸው።

እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው መስታወቱን ነኩት፣ ቅዝቃዜው ገርሟቸው መለሱት። ፊታቸው ወደ መንገዱ ነው፣ ግን ፊታቸው ላይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ኤዶን አየኋት። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ዘገየን ብላ እያሰበች መሆኑን አወቅኩ፣ እኔም እሱኑ ነበር የማስበው። «ስንት ይታይሻል?» ብላ ልትጠይቅ ነበር፣ ተወችው። ይህች ሁሉን ነገር በቁጥር የምትጠይቅ ሴት ይሄን መጠየቅ ፈራች።

አሮጊቷ ጎንበስ አሉ። ደህነኛውን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ጣታቸውን አንስተው ወደ መንገዱ መጨረሻ ጠቆሙና በሶማልኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ከንግግራቸው መሀል የገቡኝ ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው።

«ላባ ኔፍ» አሉ።

ኤዶ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። በመንገዱ መጨረሻ፣ ከግንቡ ጥግ፣ ሁለት ፍየሎች በኋላ እግራቸው ቆመው የጎረቤት ልብስ ከገመድ ላይ እየጎተቱ ነበር። ሁለት ነበሩ፤ እኔም ቆጠርኳቸው።